የጥልፍልፍ ነገር

አማርኛ ተናጋሪ የማይጠልፈው ነገር የለም። እናቶች የትራስ ልብስ ይጠልፋሉ። ገበሬው ወንዝ ይጠልፋል። ተከላካዩ አጥቂውን ከኋላ ጠልፎ ይጥላል፤ ዳኛው እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ሰላይ ስልክ ይጠልፋል፤ ቆጣሪ ያላስገባው ጎረቤት ደግሞ ከምሰሶ ላይ መብራት ይጠልፋል። አውሮፕላን ይጠለፋል፣ አብዮት ይጠለፋል። በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ተራውን የሚጠብቅ ምስኪን ሊናገር ያሰበውን ሐሳብ ከፊቱ የተቀመጠው ይጠልፍበትና ጭብጨባውን ይወስዳል። ይህን ሁሉ ጉድ የተሸከመው አንድ ባለ ሦስት ፊደል ግስ ነው፦ ጠለፈ።

አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው ወገቡ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። «አክስቴ ትናንት ስትጠልፍ አመሸች» ሲሉት ያድንቅ ወይስ ለፖሊስ ይደውል? ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። የአገራችን መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ቃላትን በዘር በዘራቸው ስለሚሰበስቡ፣ በ1962 ዓ.ም. እንደታተመው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ባለ መጽሐፍ ውስጥ ጥልፍ ሠሪዋና ጠላፊው አንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚያድሩት። ዘመዳሞች ናቸውና ምን ይደረግ!

ዝምድናቸው ሩቅ አይደለም። መጥለፍ ማለት በራሱ መንገድ ይሄድ በነበረ ነገር መሀል ገብቶ መያዝ፣ ከዚያም ወደ ራስ መሳብ ነው። መርፌ በጨርቅ መሀል ትገባለች። እግር በእግር መሀል ይገባል። ቦይ ከወንዙ ጎን ይቀደዳል፤ ሽቦ ከሽቦ ላይ ይንጠለጠላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ ገብቶ የሚይዘው አካል። ጠለፋ ያለ ጠላፊ አይሆንም። ይህችን ነጥብ አንባቢ ለጊዜው በኪሱ ይያዝልን።

ጠለፋው ሲበዛና መያዣ መጨበጫው ሲጠፋ አማርኛ ቃሉን ራሱን ይጠልፈዋል። ዘዴው የመጨረሻዎቹን ሁለት ድምፆች መድገም ነው። የተሰበረው ብዙ ቦታ ሲሰበር ስብርብር፣ የተቆረጠው ሲበዛ ቁርጥርጥ፣ የተቀጠለው ሲበዛ ቅጥልጥል ይሆናል። የተጠለፈውም ሲበዛ ጥልፍልፍ። ቃሉ ትርጉሙን በአፍ ያስቀምሳል፤ «ልፍ ልፍ» ሲል ምላስ ራሷ ትደናቀፋለች። ያላመነ ሰው «የተጠላለፈ ጥልፍልፍ ጥልፍ» የሚለውን በፍጥነት፣ ደጋግሞ፣ ባለቤቱ ፊት ይሞክረው።

ከጠለፋዎች ሁሉ ንጹሑ የመርፌው ነው። በአገር ልብስ ላይ ታዲያ ጥበብና ጥልፍ ይምታታሉ። ጥበብ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ሲሸምን፣ ባለ ቀለም ክር እያስገባ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚያወጣው ነው። ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ ይመጣል። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጥልፉን እያመለከተ «ይቺ ባለ ጥበቧ ስንት ናት?» ያለ ሰው፣ ሻጯ ከላይ እስከ ታች አየት ታደርገውና «ለአንተ ስለሆነ ነው ወንድሜ» ብላ ትጀምራለች። «ለአንተ ስለሆነ» የተባለ ሰው ትምህርቱን ከፍሎ እንደሚማር ይወቀው።

የጥልፍ ክብር ግን ከገበያ በላይ ነው። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ ካጓጓዟቸው ዕቃዎች መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ፣ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። ዛሬ የሚገኘው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው። የተጠለፈ ቀሚስ ተጠለፈ ማለት እንዲህ ነው።

ከእቴጌዎች ቀሚስ ወደ ሕዝብ ቤት የወረደው ጥልፍ መኖሪያውን ትራስ ላይ አደረገ። ሁለት ርግቦች አፍ ለአፍ ገጥመው፣ ከሥራቸው «መልካም ሌሊት» የሚል ጽሑፍ። እንግዳው ሲነሣ ጽሑፉ ጉንጩ ላይ ተገልብጦ ታትሞ ይገኛል። ኪሮሹ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ሬዲዮኑም፣ ሶፋውም፣ ቡፌውም ዳንቴል ያልለበሰበት ቤት ባለቤቷ ሰነፍ ተብላ ትታማ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ የተደረበው ዳንቴል ጫፉ ወደ ታች ወርዶ የዜና አንባቢውን ግንባር ይሸፍናል። ለማንሣት የደፈረ ልጅ ግን አልነበረም፤ ዜናው ያልፋል፣ ዳንቴሉ ግን የእናት ነው።

ቃሉ ከቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ሲቆም ግን ጨዋታው ይቀራል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ልጃገረድ የጠለፈ ሰው በኋላ ጋብቻ ከተፈጸመ ክስ ይቀርለት ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ያንን በር ዘጋው። ቅጣቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሆነ፤ ጋብቻውም ከክስ አያስጥልም። እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር ስለሌለ ወጉ ይለፈው።

የሚያስቅ ጠለፋ የተገኘው ሰማይ ላይ ነው። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር በነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ላይ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ተሳፍረው ነበር። ሌሊት ነው፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ተኝቷል። ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ቤት ወጣ አለ። ሲመለስ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። የቆለፈው ረዳት አብራሪው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የአውሮፕላን ጠላፊ ሲባል ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ፊት የሚሮጥ ሰው ነበር የሚታሰበው። ይኼኛው ግን ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል፣ መሪውን እንደጨበጠ ነው የጠለፈው። ጄኔቫ አሳርፎ ካበቃ በኋላ በኮክፒቱ መስኮት ገመድ ለቆ ወረደና ጥገኝነት ጠየቀ። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም።

ሳቁ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የተጠለፈውን አውሮፕላን በሰማይ ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች ነበሩ። የስዊዘርላንድስ? የስዊዘርላንድ አየር ኃይል በዚያ ዘመን የሚነሣው በሥራ ሰዓት ብቻ ነበር፤ ከጠዋቱ 2 እስከ 6፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ7፡30 እስከ 11 ሰዓት። ጠላፊው የደረሰው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ቢሮ አልተከፈተማ! «ከምሳ በኋላ ተመለሱ» መባል የእኛ አገር ብቻ ዕጣ የሚመስለን ሰዎች በዚያን ሰሞን ትንሽ ተጽናናን። ስዊዞቹ ተዋጊ ጄቶቻቸውን ለ24 ሰዓት ዝግጁ ያደረጉት በእነሱ አቆጣጠር በ2020 ማብቂያ ላይ ነው።

ወንዝ መጥለፍ በአንጻሩ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። በግብርና ዜና ውስጥ «ወንዝ ጠልፈው በመስኖ ያለሙ» አርሶ አደሮች ይጎበኛሉ፣ ይሸለማሉ፣ ሽንኩርታቸውም ይቀረጻል። ወንዙ ትልቅ ሲሆን ግን አነጋገሩ ሸሚዝና ክራባት ያደርጋል። ግንቦት 20 ቀን 2005 ዓ.ም. ለግድቡ ሥራ ሲባል ዓባይ ከመደበኛ መፍሰሻው እንዲዞር ሲደረግ፣ በየዜናው የተነገረው «የወንዙን አቅጣጫ ማስቀየር» ተብሎ ነው። ጅረት ይጠለፋል፤ ዓባይ አቅጣጫ ይቀይራል። ከታች ያለው ጎረቤት እያንዳንዷን ቃል በጆሮው ሲመዝን ግስም በጥንቃቄ ይመረጣል።

ፖለቲካ ቃሉን የወደደው በሁለትዮሹ ነው፦ መጠላለፍ። «የመጠላለፍ ፖለቲካን» የማያወግዝ ፖለቲከኛ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁሉም ያወግዛል፣ ሲያወግዝም ከጎኑ ያለውን በእግሩ እየፈለገ ነው። የ1966ቱ አብዮት ተጠልፏል በሚለው ላይም የዚያ ዘመን ሰዎች ብዙ አይጣሉም። ጠላፊው ማን ነው ሲባል ግን መልሱ እንደየድርጅቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ በአማርኛ ሁለት ጠባይ የሌለው የክር ግስ ጥቂት ነው። የጎነጎነ እጅ ፀጉር ይጎነጉናል፤ ሚያዝያ 27 ቀን አራት ኪሎ በአርበኞች ሐውልት ሥር የሚቀመጠውን የአበባ ጉንጉን ይጎነጉናል፤ ማታ ደግሞ ሤራ ይጎነጉናል። የቋጠረ ሰው ስንቅ ይሁን፣ ስንኝ ይሁን፣ ቂም ይሁን የቋጠረው፣ ካልተፈታ አይታወቅም። ፈታይ ጥጥ ትፈትላለች፤ ነገር የሚፈትልም አለ። ከዚህ ሁሉ ክፉ ስም ሳይወጣለት የኖረው ድርና ማግ ነው። «ድርና ማግ ሆኑ» የሚባለው ለሚዋደዱ ብቻ ነው። ጸሐፊው ምክንያቱን ሲያስበው፣ ድር በቁመት ማግ በአግድም ተራቸውን ጠብቀው ስለሚያልፉ ይመስለዋል። ሁለቱም ክሮች እንደ ጥልፍልፍ ተጠላልፈዋል፤ ግን ማን ከላይ፣ ማን ከሥር እንደሚያልፍ አስቀድሞ ተነጋግረዋል።

መርፌም ሸማም ሳይነኩ ጥልፍልፍን ለክብር ያበቁት የብራና ጸሐፊዎች ናቸው። በጥንታዊ የግዕዝ መጻሕፍት መግቢያ ላይ፣ ከጽሑፉ በላይ ተዘርግቶ በግራና ቀኝ የሚወርደው ባለ ቀለም የተጠላለፈ ጌጥ ሐረግ ይባላል። ዓይን አንዱን መስመር ይዞ ሲከተል ከሌላው ሥር ይገባበታል፤ ወጣ ሲሉት ቀለሙን ለውጦ ይጠብቃል። ስሙን ያገኘው ዛፍ ላይ ከሚጠመጠመው ተክል ነው፤ ከዚያ ወገን አንዱ፣ ሐረግ ሬሳ፣ ምች የመታው ሰው ተቀቅሎለት የሚታጠነው ነው። ሰዋስው ያስተማሩን ደግሞ ከቃል ከፍ፣ ከዓረፍተ ነገር ዝቅ ያለውን ሐረግ ብለውናል። የዘር ሐረግም አለ፤ ሰርግ ሲታሰብ ሽማግሌዎች እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እሱን ነው። አንዳንዴ ስድስተኛው ቤት ላይ ሁለቱ ሐረጎች ይጠላለፉና፣ ሙሽሮች ሊሆኑ የነበሩት ወጣቶች የአጎትና የአክስት ልጅ ተባብለው፣ ጉንጭ ተሳስመው ይለያያሉ። የተከራዩት ድንኳን ቀብድ ግን አይመለስም።

«ክር ማንም ሳይነካው በራሱ ይጠላለፋል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ የሞባይል ማዳመጫውን ከኪሱ አውጥቶ ማስረጃ ያቀርባል። ይህን ክርክር ሳይንስም ከቁም ነገር ቆጥሮታል። በ2007 እ.ኤ.አ. ዶሪያን ሬይመርና ዳግላስ ስሚዝ የተባሉ በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲባጎ ሣጥን ውስጥ እየጨመሩ ሣጥኑን አሽከረከሩ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ 3,415 ጊዜ። ቋጠሮው የሚፈጠረው በሴኮንዶች ውስጥ ነበር፤ ዓይነቱም ተለይቶ ሲቆጠር 120 ደረሰ። ሲባጎው ከ46 ሴንቲ ሜትር ሲያጥር ግን የሚቋጠር ጠፋ። በተከታዩ ዓመት፣ መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን «ኢግ ኖቤል» ወሰዱ። የማዳመጫ ገመድ ከ46 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝም ባለቤቱ ከወቀሳ ነፃ የወጣ ይመስላል። ይመስላል እንጂ አልወጣም። በሙከራውም ቢሆን ሣጥኑን ያሽከረከረ ሰው ነበረ፤ ያዘለለው ኪስም ባለቤት አለው።

የአዲስ አበባ ምሰሶዎችም እንዲሁ። የመብራቱ፣ የስልኩ፣ የኢንተርኔቱ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቀውም ሽቦ እላዩ ላይ ተጠምጥሞ፣ ምሰሶው ራሱ ተደግፎ የቆመ እስኪመስል ድረስ ነበር። ጥገና የመጣ ሠራተኛ መሰላሉ ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ፣ ወደ ቀኝ አዘንብሎ፣ አንዱን ይነቅልና ወደ ታች «ጠፋ?» ብሎ ይጮኻል። ከታች አንድ ሰፈር «እዚህ ጠፋ!» ይላል፤ እሱ የፈለገው ግን የሌላኛውን ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ላይ ሽቦው ከመሬት በታች ገብቷል። ጥልፍልፉ ከዓይን ጠፍቷል፤ ተፈትቷል ወይ የሚለውን በሚቀጥለው ጊዜ የሚቆፍረው ሰው ይመልስ።

መፍታትን ከኢንጂነርም ከፖለቲከኛም በላይ የሚያውቁት ፈታዮች ናቸው። ጸሐፊው የሚያውቃቸው አንዲት እናት አሉ፤ ባዘቶውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ እንዝርቱን በጭናቸው ላይ አሹረው ሲለቁት ክሩ ከጣታቸው የሚፈልቅ ይመስላል። አንድ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸው ከልቃቂት ጋር ስትጫወት አግኝቷቸዋል። ልቃቂቱ ልቃቂትነቱ ቀርቶ የአይጥ ጎጆ ሆኗል። ልጅቱ በድንጋጤ ያገኘችውን ጫፍ ሁሉ ትጎትታለች።

«እማማ፣ መቀስ ላምጣ?»

«መቀሱን ካመጣሽ መጀመሪያ የምቆርጠው ያንቺን ጆሮ ነው!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም አታድርጊ። አትጎትቺ። ውሉን ፈልጊው።»

ከዚያ ራሳቸው ተቀበሏት። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ክምሩን አሳረፉበት፤ ከዳር ዳር በሁለት ጣት ብቻ እያነሡ አሳሱት፤ አላስቸኮሉትም። ትንሽ ቆይተው ከመሀል አንዲት ጫፍ ብቅ አለች። በምራቃቸው አርጠብ አድርገው አሾሏትና አመልካች ጣታቸው ላይ መጠምጠም ጀመሩ። እየጠመጠሙ ወሬያቸውን ቀጠሉ፤ ወሬውም ስለ ቅቤ ዋጋ ነበር።

ያቺ ጫፍ ውል ናት። ጠበቃ ቢሮ ተተይቦ፣ ምስክር ቆሞለት የሚፈረመውም ውል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1675 ጀምሮ አምርሮ የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ሲሆን፣ ሁለተኛውን የፈረመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው የመጀመሪያውን ነው። «ውሉ ጠፋብኝ» የሚል ተከራይ ወረቀቱን ይሁን ነገሩን የጣለው ጠጋ ብሎ ካልጠየቁት አይለይም።

በኢትዮጵያ ታሪክ ውሉ የጠፋበት ትልቁ ውል የውጫሌው ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በወሎ ውጫሌ ላይ በንጉሠ ነገሥት ምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል ተፈረመ። አንቀጽ 17 ላይ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በጣሊያንኛው ግን መቻሉ ቀርቶ ግዴታ ሆነ። ሮምም ጊዜ ሳትፈጅ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች። ጉዳዩ ሲገለጥ አስተርጓሚው ነው፣ የለም መልእክተኛው ነው፣ ቋንቋው ነው የሚል ክርክር ተነሣ። እዚህ ላይ ነው «ጥልፍልፍ» የሚለው ቃል እንጀራውን የሚበላው። አንቀጹ የተጠላለፈው በአየር ጠባይ አይደለም። የጣሊያንኛውን ግስ አንድ እጅ ጽፎታል፤ የጻፈውም እግሩን የት እንዳስገባ ያውቃል። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መፍታት ካልተቻለ መቁረጥ ይመጣል ወደሚለው አዘነበሉ፤ ውሉ በ1885 ተሻረ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ መቀሱ ወጣ፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመ ሌላ ውል የውጫሌው መሻሩን ጣሊያንም ተቀበለች። በዚህኛው ጊዜ አተረጓጎሙን ደግመው ደጋግመው እንዳዩት መገመት አይከብድም።

አሁን አንባቢ በኪሱ የያዛትን ነጥብ ያውጣት። ጠለፋ ያለ ጠላፊ አይሆንም። ለዚህ ይመስላል በየመግለጫው፣ በየሪፖርቱና በየመስኮቱ ጥልፍልፍ የሚለው ቃል ቀስ በቀስ እየቀረ «ውስብስብ» የነገሠው። ሁለቱ ቃላት መንታ ይመስላሉ፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የተጠለፈን ነገር ማን ጠለፈው ብሎ መጠየቅ አፍ ላይ ይመጣል። ውስብስብን ማን «ወሰበው» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም፤ ግሱ በዚያ መልኩ አይነገርምና። ውስብስብ ነገር እንደ ጉም ከየትም ሳይመጣ መጥቶ ያደረ ነው። ባለሥልጣን ቢወደው ምን ይገርማል?

ጸሐፊው ይህን የተረዳው ስሙን በማይጠቅሰው አንድ ቢሮ መስኮት ላይ ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ጉዳይ ውስብስብ ነው» አለችው ልጅቱ በትሕትና።

«ምኑ ነው የተወሳሰበው፣ ልጄ?»

«ሲስተሙ ላይ ሁለት ሰው ነዎት።»

ነገሩ ሲጣራ በአንዱ ሰነድ ላይ ስሙ በእሳቱ «ሰ» ተጽፏል፤ በሌላው ላይ በንጉሡ «ሠ»። አፍ ሁለቱን አይለያቸውም፤ ኮምፒዩተሩ ግን ለየና ሁለት ዜጋ አወጣ። አንደኛው ግብር ከፍሏል፤ ሁለተኛው ውዝፍ አለበት። ካርታው ያለው በማይከፍለው ስም ነው። ጸሐፊው «እሺ፣ ማን ነው የጠለፈው?» ብሎ ጠየቀ። ልጅቱ ግራ ገብቷት «ምኑን?» አለች። «ሠ»ዋን የተየበው ሰው ከኋላዋ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር፤ አንገቱን ወደ ስክሪኑ ቀብሮ በጣም ሥራ የያዘ መሰለ። ይህን እንግዲህ ቀላል የሚለው፣ ከሦስቱ «ሀ»፣ ከሁለቱ «ጸ»፣ ከሁለቱ «አ» አንዱ ያለበት ስም ያላጋጠመው ሰው ብቻ ነው። ኃይለ ፀሐይ የሚባል ሰው በዚህ ስሌት ስንት ሰው ሆኖ እንደሚመዘገብ ደምሩት።

በግዕዝ «አውሰበ» ማለት አገባ ማለት ነው። ከአማርኛው «ተወሳሰበ» ጋር ያለውን ዝምድና ለሊቃውንት እንተወው፤ ባለትዳሮች ማስረጃ የሚጠይቁ አይመስልም። መውጫውም በአማርኛ ተዘጋጅቷል፤ የቃል ትርጉም ፍቺ ነው፣ የትዳር መፍረስም ፍቺ ነው፤ ሕልም ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል፣ እስረኛ ይፈታል፣ ሚስትም ባልም ይፈታሉ። አንድ ወዳጁ ለፍርድ ቤት «ፍቺ እንዲሰጠኝ» ብሎ ያመለከተ ጊዜ፣ ጸሐፊው የየትኛው ቃል ብሎ ጠይቆት ለብዙ ጊዜ ተኳርፈዋል።

ለዜና ክፍሎች፣ ለቃል አቀባዮችና በየመስኮቱ ኋላ ለተቀመጡ ሁሉ አንድ ልመና ይቅረብ። «ችግሩ ውስብስብ ነው» ማለቱን ለጥቂት ጊዜ አሳርፉትና «ችግሩ ተጠላልፏል» በሉን። ባለጉዳይም «ማን ጠለፈው?» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር፤ መልስ ባያገኝ እንኳ ከሻይ ብርጭቆው ቀና የሚል ሰው ያያል። ደግሞም ከቤት ከመውጣትዎ በፊት የልደት ካርድዎንና መታወቂያዎን ጎን ለጎን አድርገው፣ በስምዎ ውስጥ ያለው «ሰ» የትኛው እንደሆነ አይተው ይሂዱ።